ከወንዙ ማዶ የሚጠብቅ ሰው

ማናሶ ከወንዙ ማዶ መቀመጥ የጀመረው እኅቱ ቦሪ ሸሽታ ወደ እኛ በወረደች ማግስት ነው። መጥረቢያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ጀርባውን ለትልቁ ዛፍ ሰጥቶ፣ አፍ የሚያቀላውን ፍሬ ከኖራ ጋር እያኘከ ይቀመጣል። አይሳደብም፤ አይዝትም። ሲመሽ ይሄዳል፤ ሲነጋ እዚያው ነው። ምነው በተሳደበ እል ነበር። ለስድብ መልስ አላጣም፤ ዝም ላለ ሰው ግን ምን ይባላል?

ወንዙ እንደሆነ ወገብ አይደርስም። የተራራ ሰዎች ግን የሞቱ አያቶቻቸው ከዚያ አያልፉም ብለው ያምናሉ። ወንዙን ከተሻገርክ የደወልና የጸሎት መሬት ነው፤ የአያት እጅ አይደርስብህም። ስለዚህ ተራራው ላይ አያት የተቆጣው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ወደ ባሕር ዳር ይሸሻል። ባሌ ሲላስ "ወንጌል ጠራቸው" ይላል። እኔ ፍርሃት ነው ያባረራቸው እላለሁ። እንደኔ ሁለታችንም አልተሳሳትንም።

ሲላስ ከሌላ ደሴት በጀልባ የመጣ የሃይማኖት መምህር ነው። የተራራውን ቋንቋ ኖሮ ኖሮ ከሰላምታ አላሳለፈውም። እኔ ዶርቃ የጨው ውሃ ሰው፣ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ እናቴ ግን ከተራራ የወረደች ናት። ስለዚህ እሱ ያስተምራል፣ እኔ እተረጉማለሁ። እሱ አንዱን ሲል እኔ ሁለት የምጨምርበት ጊዜ ነበር፤ አያውቅብኝም። ንኡሰ ክርስቲያኖቹን የምናስተምርበት ዳስ ግድግዳ የለውም፤ የተሠራውም ወንዙ ዳር ነው። እኛ የምንለውን ሁሉ ማናሶ ይሰማል።

የቦሪ ጥፋት ይሄ ነው። የተራራ ሴት የምትወልደው ከመንደሩ ቁልቁል በተሠራች ጎጆ ብቻ ነው። ከአያቶች የመሥዋዕት ቦታ በላይ የሴት ደም ከፈሰሰ አለቀ። ቦሪን ግን ከጎደሬ ማሳ ስትመለስ ምጥ መንገድ ላይ ያዛት፤ ልክ ከመሥዋዕቱ ቦታ በላይ ወለደች። ደሙን በቅጠል ጠርጋ፣ አፈር አልብሳ ዝም አለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ጎደሬው ከሥሩ በሰበሰ። የወንድሟ የማናሶ ልጅ ፎላ መክሳት ጀመረ። ጠንቋዩ ቅጠል ቀዶ ስሟን ጠራ። አሳማ ታርዶ ተቃጠለ፤ አያቱ አልተቀበለም አሉ። አያት አሳማ እምቢ ካለ የሚፈልገው ሰው ነው። መሥዋዕቱን የሚያቀርበው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ማናሶ ነው። ቦሪ ይሄን ስትሰማ አራስ ልጇን አዝላ ወረደች።

ሲላስ የሚያስተምረው በየእሁዱ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያኛው ሳይሰርግ ይሄኛው አይፈስም ይላል። ፊቱን አኮሳትሮ፣ ብቸኛዋን ሸሚዙን ቆልፎ ይቆማል። መጀመሪያ ሁሉን የፈጠረ አንድ አምላክ እንዳለ ነገራት።

"እሱን ማን ወለደው?" አለች ቦሪ።

"ማንም።"

"አሳማስ ማን ያርድለታል?"

"አይራብም በያት" አለኝ ሲላስ።

ቦሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "እትዬ ዶርቃ፣ የማይራብ ጌታ ካገኘሁማ ምን ጎድሎኝ። የኛዎቹ ጠግበው አያውቁም።"

አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ ሦስት ሲሆኑ አንድ አምላክ መሆናቸውን ሲነግራት ፀሐይዋን አሳያት፤ ክበቧን፣ ብርሃኗን፣ ሙቀቷን። አንዲት ፀሐይ ናት አላት። ቦሪ አየት አድርጋ "ሦስቱም ጀርባዬን ልጠውታል፣ ገብቶኛል" አለች። ሲላስ ምን እንዳለች ጠየቀኝ። "ገብቷታል" አልኩት።

የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ያልተሰጣቸውን በልተው ሞት ወደ ዓለም እንደገባ ሲነግራት ግን አልቀለደችም። "ይሄንን እናውቀዋለን" አለች። "የተከለከለ የበላ ይሞታል። የኛም እንደዚሁ ነው።"

ከዚያ የአምላክ ልጅ ከሴት ሥጋ ለብሶ ስለ መወለዱ ደረሰ። ቦሪ ልጇን እያጠባች ነበር። "የት ወለደችው?" ብላ ጠየቀች።

"ከብቶች ማደሪያ ውስጥ። መንገድ ላይ ሳሉ ቀኗ ደርሶ።"

"መንገድ ላይ?" ጡቷን ከልጇ አፍ ነጠቀች። "ደሙስ?"

ሲላስ ግራ ገባው። እኔ ነገሩን አስረዳሁት። ጥቂት አሰበና "አምላክ ከሴት ደም አልሸሸም በያት። ከዚያ ነው የመጣው" አለ። ተረጎምኩ። ቦሪ ልጇን አንገቱ ሥር አሽትታ አለቀሰች። ቀና ስል ማናሶ ማኘኩን አቁሞ ያየናል።

የዚያን ቀን ነው አፉን የከፈተው።

"አንቺ የጨው ውሃ ሴት።"

"አቤት" አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

"ለእኅቴ ንገሪያት። አያት እሷን ሲያጣት ፎላን ሙጭጭ አድርጎ ይዞታል። ልጄ ትናንት ውሃ መዋጥ አቃተው።"

"ራስህ ንገራት፣ ትሰማሃለች።"

"ለሸሸ ሰው አላወራም" አለ። ተመልሶ ማኘክ ጀመረ።

ቦሪ አንገቷን ደፋች። ፎላን እሷ ናት ያሳደገችው፤ እናቱ ቀድማ ሞታበታለች። ያን ሰሞን ምግብ አልበላ አላት። ሲላስ "ወንዙን ሳይሻገር የሚያስፈራራን ሰው ምን ያስጨንቅሻል?" ይለኛል። እኔ ግን የሰውየው ዓይን ሰላም ነሳኝ። ሊገድል የመጣ ሰው ዓይን ቢሆን አውቀዋለሁ። የሱ ግን እንቅልፍ ያጣ አባት ዓይን ነበር። ይሄ ይበልጥ አስፈራኝ።

በሚቀጥለው እሁድ የመስቀሉ ትምህርት ሆነ። ዝናቡ ባሕሩ ላይ ጠቁሮ ነበር፤ ነፋስ የሚባል የለም። ሲላስ እንደዚያን ቀን አምሮለት አያውቅም። "ሞት የሚገባን እኛ ነበርን" አለ። "በደላችንን በራሱ ላይ ወስዶ እሱ ሞተ። አንዱ ስለ ሁሉ።"

"አስገድደውት ነው?" አለች ቦሪ።

"በፈቃዱ።"

"መሸሽ ይችል ነበር?"

"ይችል ነበር።"

"ግን አልሸሸም።"

"አልሸሸም።"

ከወንዙ ማዶ ማናሶ ጮኸ። "የሞተላቸው ሰዎችስ ዳኑ?"

ሲላስ ተገርሞ ዞረ። "ዳኑ በይው!"

አልኩት። ማናሶ ቀይ ምራቁን ወንዙ ውስጥ ተፋ፤ ውሃው ይዞት ወረደ። ቦሪ ወንድሟን አየችው። ከወረደች ጀምሮ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። ሲላስ መጽሐፉን አጥፎ "የቀረውን በሚመጣው እሁድ" አለ። የቀረው ትንሣኤው ነበር።

ሰኞ ጠዋት የሕፃን ለቅሶ ቀሰቀሰኝ። የቦሪ ልጅ በኔ ነጠላ ተጠቅልሎ ደጃችን ምንጣፍ ላይ ተኝቷል። ወንዙ ዳር ሮጥኩ። ከዛፉ ሥር ማንም የለም። ጭቃው ላይ የትልቅ እግርና የትንሽ እግር ኮቴ ጎን ለጎን ወደ ተራራው ይሄዳል። ጎትቷት አይደለም። አብራው ነው የሄደችው።

ሲላስ ሸሚዙን እየቆለፈ ወጣ። ነገሩን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ።

"ልከተላት ነው" አለ።

"ሄደህ ምን ልትላቸው? ጤና ይስጥልኝ?"

"አንቺ ትተረጉሚያለሽ።"

"ሲላስ፣ የመሥዋዕቱ ቦታ ሴት አትደርስም።"

"እንድትደርሺ ከተፈቀደልሽ ቦታ ሆነሽ ጩኺ።"

"እንዲህ ዓይነት እብደት..."

"ዶርቃ" አለኝ። "አንዱ ስለ ሁሉ ሞቷል ብያታለሁ። እሷ ደግማ ከሞተች ያስተማርኩት ተረት ነው። እዚህ ቁጭ ብዬ ደወል ብደውል ማን ይሰማኛል?"

ልጁን ለጎረቤት ሰጥተን ወንዙን ተሻገርን። ሲላስ ጀልባ ላይ ድመት ነው፤ ዳገት ላይ ግን አሮጊት። ዝናቡ መንገዱን ሳሙና አደረገው። ወድቆ ተነሣ፣ እግሩን ድንጋይ ቆረጠው፣ አልቅት ተጣበቀበት። በሌላ ቀን ቢሆን ስቄበት አልጠግብም ነበር። ያን ቀን አልሳቅሁም፤ ከላይ የአሳማ ሥጋ ጭስ ሸተተኝ።

መንደሩ ጫፍ ስንደርስ ሴቶቹ ከዛፎቹ መስመር በታች ተፋፍገው ቆመዋል። ማንም አያለቅስም። ከዚያ በላይ ለኛ አይፈቀድም። ከፍ ብሎ ወንዶቹ ክብ ሠርተዋል፤ መካከላቸው ለመሥዋዕት የቀረበችው ቦሪ ተንበርክካለች። ማናሶ መጥረቢያውን ይዞ ከበላይዋ ቆሟል። አጠገቡ የአያቱ አሳማ በትኩስ ድንጋይ ተጠብሶ ቅጠል ላይ ተቀምጧል። ያንን ሥጋ የዚያ ቦታ ወንዶች ብቻ ናቸው የሚበሉት። ሌላ ሰው ከቀመሰው አያቱ አይምረውም፤ ከሴት ደም የባሰ ድፍረት ነው። ፎላን ከወንዶቹ ቤት በር ላይ አስተኝተውታል። ጉልበቶቹ ከጭኖቹ ይወፍራሉ።

ሲላስ እያነከሰ ዝም ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ማንም አላቆመውም፤ እንዲህ የሚደፍር ሰው አይተው አያውቁም።

"ንገሪው" ብሎ ጮኸልኝ። "የእሷ በደል በእኔ ላይ ይሁን በይው።"

ከፊቴ ያለውን ዛፍ ያዝኩ።

"ዶርቃ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ?"

ባሌ ቋንቋቸውን አያውቅም። እነሱም የሱን አያውቁም። መካከል ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። "መምህሩ ምሕረት ይለምናችኋል" ብል ማን ያውቅብኛል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ካልወጣ ግን ባሌን ይዤ እወርዳለሁ። ቦሪን አየኋት። ጡቷ አግቶ ወተቱ ደረቷን አርሶታል፤ ልጇ ታች ባሕር ዳር እያለቀሰ ይሆናል። ሲላስ የተናገረውን ቃል በቃል ተረጎምኩት። እስከ ዛሬ ከአንደበቴ የወጣ እንደዚያ የከበደ ነገር የለም።

ማናሶ ወደ እኔ እንኳ አልዞረም። "በደል በወሬ አይዛወርም በይው" አለ። "አያት ጆሮ የለውም። ያለው ሆድ ነው።"

ይሄንንም ተረጎምኩ። ሲላስ ራሱን ነቀነቀ። ጎንበስ አለና ከአያቱ ሥጋ ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተ።

ሴቶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ። ከወንዶቹ አንዱ እንደታመመ ሰው አቃሰተ። ሲላስ እያያቸው አላመጠ፣ ዋጠ፣ ደግሞ ቆረሰ። የማናሶ መጥረቢያ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ወረደ።

"ይዘሽው ውረጂ" አለኝ ማናሶ። ድምፁ ሻክሯል። "አያት አሁን እሱን እንጂ ማንንም አያይም። እሷንም ውሰጃት፤ የሱ ነገር እስኪለይ አልነካትም። ባልሽ ግን የሞተ ሰው ነው።"

ስንወርድ ሲላስ "ጨው ያንሰዋል" አለኝ፤ ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። በጥፊ ልለው እጄ ተነሥቶ ነበር።

ማናሶ ወንዙ ማዶ ወደ ቦታው ተመለሰ። አሁን የሚጠብቀው ባሌን ነው። ብዙም አላስጠበቀውም። ሲላስ በየክረምቱ ወባ ይጥለዋል፤ ይሄኛው ግን ሌላ ሆነ። ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ እግሩ ላይ ያለው ቁስል አበጠ። ክኒን ሰጠሁት፤ አልያዘለትም። ከላይ የሚመጣው ወሬ ደግሞ ፎላ ሾርባ ጠጣ፣ ፎላ ተቀመጠ፣ ፎላ ሳቀ የሚል ነበር። ቦሪ እያጎነበሰች ስትነግረኝ ደስ ይለኛል፤ መልሼ ደግሞ ያንን ልጅ እረግመዋለሁ። ምስኪን፣ እሱ ምን አጠፋ?

እሁድ ሲሆን ሲላስ "ቦሪን ጥሪያት" አለኝ። "ትምህርቱ አላለቀም።"

"ዝም ብለህ ተኛ።"

"መቃብር ላይ አቁሜ ልተዋት?"

ቦሪ መጥታ ከአልጋው ሥር ተቀመጠች። ሲላስ በዝግታ፣ በየመካከሉ እያረፈ ተናገረ። "በሦስተኛው ቀን ተነሣ። ሞት ይዞ ሊያስቀረው አልቻለም። ድንጋዩ ተንከባሎ መቃብሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ።" ስተረጉም የቦሪ ፊት በራ።

"ለሌላ የሞተ ሰው ይነሣል ማለት ነው?" አለች።

ሲላስ ዓይኑ ተከድኗል። "ይነሣል" አለ።

ቦሪ ብድግ ብላ ወደ ወንዙ ሮጠች። ውሃው ጫፍ ቆማ ለወንድሟ ስትጮህ ከአልጋው አጠገብ ሆኜ ሰማኋት። የምትለው ስለ ኢየሱስ ነው ብዬ ተውኩት።

ሲላስ ማክሰኞ ጠዋት ሞተ። ያንኑ ቀን ከደወሉ አጠገብ ቀበርነው፤ ሙቀቱ አያሳድርም። እኔ ወባ ነው የገደለው እላለሁ። የተራራ ሰዎች የሚሉትን አውቃለሁ።

ሐሙስ ሲነጋ ደወል ልመታ ወጣሁ። ከመቃብሩ ዙሪያ ሰዎች ተቀምጠዋል። ማናሶ ነው፤ መጥረቢያው ጭኑ ላይ። ፎላ ከጎኑ ተደግፎታል። ከተራራ የወረዱ ወንዶች ከኋላቸው፣ ቦሪ ደግሞ ልጇን ታቅፋ ፈንጠር ብላ። ወንዙን ተሻግረዋል። ማናሶ ፊት በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይጨሳል።

"ይሄ ምንድነው?" አልኩ።

"ጎደሬ" አለ ማናሶ። "ሲወጣ ይርበዋል ብለን። አሳማ አላመጣሁም።"

ቦሪ ያን እሁድ ወንዙ ዳር የጮኸችው ስለ ኢየሱስ ሳይሆን ስለ ሲላስ መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። ቦሪን አየኋት፤ ዓይኖቿ ከመቃብሩ አፈር ላይ አልተነቀሉም። መጥረጊያ አንሥቼ ሁሉንም ላባርር ቃጣኝ። ደግሞ እውነቱን ልናገር? እኔም አፈሩን አየሁ። መቼም ሰው ነኝ።

"ሦስተኛው ቀን ዛሬ አይደል?" አለ ማናሶ። "ሽማግሌዎቹ ልከውኛል። ከወጣ አያት ጉልበት የለውም፤ እኅቴ ነፃ ናት። ካልወጣ ግን መምህሩን የገደለ አያት እሷን አይተዋትም ብለዋል። መቼ ነው የሚወጣው?"

ሲላስ ቢኖር ኖሮ ዓረፍተ ነገሩን እሱ ይሰጠኝ ነበር። አሁን የምተረጉመው ሰው የለም። ነፍሱ ተነሥታለች፣ ደመና ላይ ናት ልበል? ውሸት ቢያድናት ምን አለበት? ግን እሱ በውሸት አልሞተም።

"ዛሬ አይወጣም" አልኩ።

ከኋላ ያሉት አጉረመረሙ። ቦሪ ልጇን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች።

"በመጀመሪያ የተነሣው አንዱ ነው። ሞትን ከውስጥ ሰብሮ በሩን የከፈተው እሱ ነው። ሲላስ፣ አንተ፣ እኔ፣ የሱ የሆንን ሁላችን እሱ ተመልሶ በሚመጣበት ቀን አብረን እንነሣለን። የሲላስ እምነት ይሄ ነበር።"

"ቀኑ መቼ ነው?"

"የሚያውቅ የለም።"

"የአንቺስ?"

"የኔ ምን?"

"የሱ እምነት ይሄ ነበር አልሽ። የአንቺስ?"

እንደዚያ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። የሌላውን ቃል ሳቀብል ኖሬ የራሴን ማን ፈልጎት? አልቅሼ ልጨርስ አልቻልኩም፤ እያለቀስኩ ነው የመለስኩለት። "ባሌ ነው" አልኩት። "እዚህ ውስጥ ያለው ባሌ ነው። እጠብቀዋለሁ።"

ማናሶ ረጅም ጊዜ አፈሩን አየ። ዝም ማለቱን አውቀዋለሁ፤ ወንዙ ዳር ሳየው ኖሬአለሁ። መጥረቢያው ላይ ያለውን እጁን አላነሣም። ሽማግሌዎቹ የላኩት ለምን እንደሆነ ቦሪም እኔም እናውቃለን።

"መጠበቅ ከሆነ" አለ በመጨረሻ፣ "መጠበቅ እችላለሁ።"

መጥረቢያውን ከጭኑ አንሥቶ መቃብሩ ግርጌ አኖረው። ቅጠሉን ፈታ። ጎደሬውን ለሁለት ከፈለና አንዱን ለቦሪ ዘረጋላት። የተራራ ወንድ፣ ያውም መሥዋዕት አቅራቢ፣ አራስ ሴት ከነካችው ምግብ ቢቀምስ አያቱ ይገድለዋል። ቦሪ ፈርታ አልተቀበለችም። "ያዢ እንጂ፣ አንቺ ልጅ" አላት። ተቀበለች፤ አንዴ ገመጠች። እሱ ከእጇ መልሶ ወሰደና ከገመጠችበት ላይ ገመጠ።

ወንዶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ወንዙን ተሻግረው ሄዱ። ማናሶ አላያቸውም። ለፎላ ቆረሰለት፤ ለኔም ቆረሰልኝ። ደወሉን ሳልመታ አብሬአቸው ተቀመጥኩ። ጎደሬው ገና አልበረደም ነበር።